«አንብቤያለሁ» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

ትንሹ ልጄ ከሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በየመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች አንድ ወረቀት ይላካል። የላይኛው ክፍል ትምህርት ቤቱ ምን እንደሠራና ከወላጅ ምን እንደሚፈልግ ይዘረዝራል። ከታች በነጠብጣብ የተለየች ቁራጭ አለች፤ «ማስታወቂያውን አንብቤያለሁ» ትላለች። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ቁራጯ ተቀዳ ወደ ክፍል ኃላፊዋ መምህርት ትመለሳለች፤ ሌላው ቤት ይቀራል።

እኔ ያቺን ቁራጭ መፈረም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ማታ ከሥራ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ አቡሽ (ቤት ውስጥ የምንጠራው እንዲህ ነው) ደብተሩን ታቅፎ ይመጣል።

«እማ፣ ፈርሚልኝ።»

«ምን ይላል?»

«ከአባባ ጋር አንብበነዋል።»

እጄን በፎጣ ጠረግ አድርጌ እፈርማለሁ። ከአባቴ ጋር ካነበቡት ምን ቀረኝ?

ልጁን በየቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት በር የሚቀበለው አባቴ ነው። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ሰውና መኪና ይለያል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ግን አይታየውም። ስለዚህ ወረቀት በተላከ ቁጥር መንገድ ላይ ካለች ሱቅ በረንዳ አረፍ ይሉና ልጁ ያነብለታል። አባቴ በዚህ ኩራቱ ልክ አልነበረውም። «ልጅሽ እኮ ዜና አንባቢ ነው፤ አንዴ እንኳ አይደናቀፍም» ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ካነበበ ምን ይፈለጋል?

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ቦርሳውን ላጥብ ብዬ ሳራግፍ የመጨረሻው ወረቀት ተጨማዶ ከሥር ወጣ። የታችኛው ቁራጭ ተቀዷል፤ ፈርሜ ልኬዋለሁ ማለት ነው። እዚያው ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት።

አጀማመሩ እንደ ሁሉም የቢሮ ደብዳቤ ነው፤ «የመማር ማስተማሩን ሂደት ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት» እያለ አራት መስመር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እውነተኛ ወሬ ነበር። ዓምና ከተማ አቀፉን ፈተና የወሰዱት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ጥሩ ውጤት አምጥተዋል፤ ለዘንድሮዎቹ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ተጀምሯል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከግቢው ጀርባ የተከለው ጎመንና ቆስጣ ደርሶ ለምገባው ማእድ ቤት ተሰጥቷል። ሚኒ ሚዲያው በወላጆች መዋጮ አዲስ ድምፅ ማጉያ አግኝቷል። በክፍሎች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ውድድር 3ኛ «ለ» አሸንፏል። ልጆች ስማቸው የተጻፈበት የውሃ ኮዳ ይዘው ይምጡ።

ተራ ቁጥር 6 ላይ ቆምኩ። በ2ኛ እና በ3ኛ ክፍል የንባብ ምዘና መደረጉን፣ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ወላጆች ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ትምህርት ቤት እንዲገኙ ይላል። ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእጅ፣ «የእርስዎን ልጅ ይመለከታል» ተብሎ ተጽፏል። የተባለው ቅዳሜ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ወደ አባቴ ሄድኩ። «አባዬ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይላል ብሎ ነው ያነበበልህ?»

«ኳስ 3ኛ ‹ለ›ዎች አሸነፉ። አዲስ ድምፅ ማጉያ ተገዛ። ሰኞ የስፖርት ልብስ ለብሳችሁ ኑ። ይኸው ነው» አለ።

ኳሱና ድምፅ ማጉያው እውነት ነው፤ ልጁ በሰልፍ ላይ ሰምቶታል። የስፖርት ልብስ የሚል ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

አቡሽን ጠራሁት። «ና እስቲ ይህቺን አንብብልኝ» አልኩት። ወረቀቱን ተቀበለና «ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ጀመረ። ድምፁ የዜና አንባቢ ነው፤ ዓይኑ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ጣቴን «ኮዳ» የሚለው ቃል ላይ አሳረፍኩና «ይቺስ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «መብራቱ ደካማ ነው፤ አይታየኝም» አለ። እኩለ ቀን ነበር። በረንዳ ላይ ነበርን።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አልደብቅም፤ ጮህኩበት። «ስንት ጊዜ ነው አባባን የዋሸኸው?» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። አባቴ ግን እንደ ፈራሁት አልተቆጣም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ተይው ልጄ፤ እኔም አልሰማሁትም እኮ፤ ድምፁን ነው የሰማሁት» አለኝ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለሰፈር ሰው ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው። እናቶች ጨቅላ አዝለው እየመጡ በእሱ እጅ ስማቸውን መጻፍ ተምረዋል። በገዛ ቤቱ የልጅ ልጁ አለማንበቡን ሳያውቅ መቅረቱ አንገበገበው።

እኔ ግን ሌሊቱን ሌላ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ልጁ ማንበብ ስላልቻለ አላነበበም። አባቴ ዓይኑ ስለማያይ አላነበበም። እኔስ? ዓይኔ ደህና፣ የምሠራው ከወረቀት ጋር፣ ሂሳብ ክፍል ውስጥ። «አንብቤያለሁ» ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ ከሦስታችን የዋሸው ማን ነው?

ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። አባቴም ካልመጣሁ ብሎ ከዘራውን ይዞ ተከተለኝ። መምህርቷ ወጣት ናቸው፤ ክፍላቸው ውስጥ ከሃምሳ የማያንሱ ልጆች አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጡም። በእረፍት ሰዓት አቡሽን ጠሩና ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ገበታ ፊት አቆሙት። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ጀምሮ አንድም ሳይስት ወረደ። ቀጥለው መሐል ላይ ያለችውን «ነ» ጠቆሙት። ልጁ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጠጋ ብዬ ስሰማ ከ«ሀ» ተነስቶ በሹክሹክታ እየወረደ ነው። ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ… እያለ እስኪደርስባት ጠበቅነው።

«አዩ» አሉኝ፣ «ፊደሉን እንደ መዝሙር ነው የያዘው። እያንዳንዷን በመልኳ አያውቃትም። የማንበቢያ መጽሐፉንም ሌሎች ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ሰነፍ እንዳይሉት፤ ይህን ሁሉ በጆሮው የያዘ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ፈርቶ ነው።»

በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን ከዚህ በፊት ስሰማ የሩቅ ሰው ልጅ ወሬ ይመስለኝ ነበር። በእኛ ቤት መጽሐፍ አለ፣ ፊደል አስቆጣሪ አያት አለ፣ ሂሳብ የምትሠራ እናት አለች። ነገሩ ግን በእኛም በር ገብቶ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ልጁ የደበቀው ከፍርሃት ነው፣ እኔ ያልጠየቅሁት ግን ከድካም ነው።

አባቴ ከመምህርቷ ጋር ሲነጋገር አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «አቡጊዳ አታስቆጥሩም?» አላቸው። ፈገግ አሉ። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ሲማር ሀሁን የጨረሰ ልጅ ፊደል አወቀ አይባልም ነበር። ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይባላል። ፊደሉ ከቦታው ይነሳል፣ ድምፁም በየፊደሉ ይለዋወጣል። ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየተዘለለ ሲሄድ በዜማ የያዘ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ 231 መልክ አላቸው፤ እያንዳንዱን በመልኩ ለማወቅ ማምታቻው ያ ነበር። መምህርቷ ጥቂት አሰቡና «እውነትዎን ነው አባባ፤ እኛም ማዘበራረቅ የምንለው ይህንኑ ነው» አሉ።

ስንመለስ አባቴ ያንን ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያዘጋጁትን የፊደል ገበታ አስገዛኝ፤ ሀሁም አቡጊዳም አንድ ላይ ያሉበትን። ከመሶብ ሠሪ ጎረቤታችን አንድ ስንደዶ ለምኖ መጠቆሚያ አደረገው። በየማታው አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣሉ። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ይናገራል፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ገበታውን በቃሉ ስለሚያውቀው ማምታታት አይቻልም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የትምህርት ቤቱ የድጋፍ ክፍል አለ፤ እኔ ነኝ የማደርሰው።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አለቀሰ። «በ»ን እና «ሰ»ን እየቀያየረ መከራ አሳየን። ትልቅ እህቱ ስትስቅበት ገበታውን አልጋ ሥር ደበቀው። በሚያዝያ ግን ታክሲ ውስጥ ሆነን የሱቅ ማስታወቂያ መልቀም ጀመረ፤ «ዳ…ቦ»፣ «ጸ…ጉር»። መኪናው እየቀደመው ይናደድ ነበር።

ይህንን የጻፍኩት ለእንደኔ ዓይነቱ ወላጅና ልጅ ለሚያመላልሱ አያቶች ነው። ልጅ ሲያነብ ድምፁን ብቻ አትስሙ፤ ጣቱ የት እንዳለ እዩ። ከመሐል አንድ ቃል ጠቁማችሁ ጠይቁት። በቃሉ የያዘውን ሳይሆን አይቶት የማያውቀውን ወረቀት ስጡት፤ የመብራት ደረሰኝም፣ የስኳር ከረጢትም ይሆናል። ካቃተው አትጩኹ፤ እኔ ጮኼ ያተረፍኩት አንድ ቀን ሙሉ ዝምታ ነው። ካርድ ሲመጣም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት «ምን ከበደህ?» ማለት ይሻላል።

ለትምህርት ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናግሬዋለሁ። ወረቀቱን በር ላይ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ አያት ነው። ፊደሉ ደቃቅ ከሆነና አራት መስመር «ባለድርሻ አካላት» ካለበት፣ ቁም ነገሩ ተራ ቁጥር 6 ላይ ተቀብሮ ይቀራል። ርእሰ መምህሩ አዳመጡኝ። አሁን ማስታወቂያ በተላከ ቀን፣ ልጆች ሲለቀቁ፣ የሚኒ ሚዲያ ልጆች በአዲሱ ድምፅ ማጉያ ያነቡታል። አባቴ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል።

በግንቦት ሌላ ወረቀት መጣ። ሁለቱ ያቺ ሱቅ በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው አነበቡት፤ «ጽዳት» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሞክሯታል። ማታ ቤት ስገባ አቡሽ ደብተሩን ታቅፎ ሳይሆን ወረቀቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሽንኩርቱን ተውኩና ተቀመጥኩ። ጣቱን እያስኬደ፣ እየቆመ፣ እየተመለሰ ወረደ። የንባብ ድጋፉ እስከ ሰኔ እንደሚቀጥል የሚለው መስመር ላይ ደረሰ። ከጎኑ ያ ሰማያዊ እስክሪብቶ አለ።

«የእር…ስዎን… ልጅ… ይመ…ለከታል» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «እኔን ነው» አለ።

«አዎ፣ አንተን ነው» አልኩት። ወረቀቱን ተቀብዬ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ራሴ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ።