ቀፎ ፍለጋ ሀዋሳ

ሀዋሳ በደረስኩበት ቀን ግራ ያጋባኝ ዳገት ማጣቴ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ «ትንሽ ወደ ላይ ትወጣና፣ ከዚያ ቁልቁል ትወርዳለህ» ሳይባል ሰፈር አይጠቆምም። የጦሳ ተራራ ደመና ተከናንቦ ከላይ እያየን፣ ጉልበታችን አቀበት ለምዶ ነው ያደግነው። እዚህ ግን መንገዱ እንደ ተወለወለ ምጣድ ለጥ ያለ! ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ዘንባባ የተሰለፈበት። ባጃጁ ሽው ሲል ሞቅ ያለ ነፋስ ፊቴን ይዳስሰኛል። ሻንጣዬ ውስጥ ያጨቅኩት ጋቢ አሳፈረኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ደግሞ ጋቢ ይዘህ መጣህ?» አለች ታናሽ እህቴ፣ ገና ሳትስመኝ እየሳቀች። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከይርጋለም ከመጣች የሥራ ባልደረባዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የመጣሁት እሷን ልጠይቅ ነበር። ስልክ የመግዛት ሐሳብ ከነጭራሹ አልነበረኝም። ጥፋቱ የአባ ኮዳ ነው።

በማግስቱ ማለዳ አሞራ ገደል ወሰዱኝ። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ገና እየሞቀ ነው። ጀልባዎች ይገባሉ፣ መረብ ይራገፋል፣ ልጆች ቢላቸውን እያፏጩ ቆሮሶ ይገፍፋሉ፣ ያንን ለምለም የዓሣ ሥጋ ከአጥንቱ ሲለዩት ዓይን አይከተላቸውም። ከላይ ከዛፎቹ ጦጣዎች ያሾልቃሉ፤ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሱ ጉሬዛዎችም አሉ። በመሃል ደግሞ እሱ! አባ ኮዳ! ራሰ በራ፣ አንገቱ ሥር ኮዳውን ያንጠለጠለ፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚንጎራደድ፣ ልክ ጡረታ የወጣ ዳኛ። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይደርሳል። በልጅነቴ ከሥዕል ላይ እንኳ አይቼው አላውቅም። ደሴ ላይ የምናውቀው አሞራ ሰማይ ላይ ነጥብ ነው፤ ይኼ ግን ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ይገላምጠኛል።

ስልኬን አወጣሁ። «ማከማቻው ሞልቷል» አለኝ። የባለፈው ዓመት የሠርግ ቪዲዮ አጠፋሁ፤ አሁንም ሞልቷል። የማላውቃቸው ሰዎች የላኩልኝን የበዓል ካርድ ሁሉ ጠረግኩ። ስልኩ ይህን እያሰበ ሳለ ደነዘዘ። ቀና ስል ዳኛው የዓሣ አንጀት በአፉ አንጠልጥሎ ችሎቱን በትኗል።

«በቃ፣ ቀፎ እቀይራለሁ» አልኩ።

የእህቴ ጓደኛ ዞር ብላ አየችኝ። አፍ የፈታችው በሲዳሙ አፎ ነው፣ አማርኛዋም ጥርት ያለ ነው። «ግን ስልክን ለምን ቀፎ ትሉታላችሁ? ንቡ የታለ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስንት ዓመት ሙሉ «የስልክ ቀፎ» ስል፣ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። ጥያቄዋ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ወጣን። ፒያሳ እኛም አለን፤ የሀዋሳው ግን ፀሐይዋን አብዝታ የጠጣች ናት። የስልክ ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመዋል፣ በየመስተዋቱ ከቨሩ እንደ ሽሮ ሜዳ ጥልፍ በየቀለሙ ተሰቅሏል። አንዱ ሱቅ ገባን። ወጣቱ ሻጭ በኪሴ ያለውን ብር ጠየቀኝና መስታወቱ ላይ ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን አስቀመጠ። «በዚህ ብር አዲስ አንድሮይድ ታገኛለህ፣ ወይ ያገለገለ አይፎን። ምርጫው የአንተ ነው ወንድሜ።»

አዲሱ ቴክኖ ነበር። ካርቶኑ አልተከፈተም። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገራችን ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፤ ስለዚህ እንግዳ ሆኖ አልታየኝም፣ ደሴ ላይም ከሁለት ሰው የአንዱ ኪስ ውስጥ የማየው ነው። አይፎኑን ግን ሳነሳው እጄ ደነገጠ! ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ልሙጥ፤ ከወንዝ ውስጥ የተለቀመ ድንጋይ ይመስላል። አገላበጥኩት። አንድ ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። እንደገና አገላበጥኩት።

«ሲም ካርዱ የት ነው የሚገባው?»

ሻጩ ሳቀ። «የአሜሪካ ነው፣ አይፎን 14። የአሜሪካዎቹ ከ14 ጀምሮ ሲም ማስገቢያ የላቸውም። በኢ-ሲም ነው የሚሠራው።»

ቀዳዳ የሌለው ስልክ! እኔ ሁለት ሲም የተሸከምኩ ሰው፣ አንዱ የቴሌ፣ አንዱ የሳፋሪኮም፣ ከጎናቸው ደግሞ ዘፈንና መንዙማ የተጫነባት ሚሞሪ፣ ይህን ሁሉ ጓዜን የት ላሳርፍ ነው? ሻጩ ታገሰኝ። ከሌሎቹ አይፎኖች ብዙዎቹ አንድ ሲም በቀዳዳ፣ ሌላውን በኢ-ሲም እንደሚቀበሉ፣ ሚሞሪ ግን አንዱም አይፎን እንደማይቀበል አስረዳኝ። ቴክኖው ጎኑን ሲከፍት ሁለት ሲምና አንድ ሚሞሪ የሚተኛበት አልጋ ወጣ። እንግዳ ተቀባይ ቤት!

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ዛሬ አትግዛ። የእኔ ስልክ አንድሮይድ ነው፣ የእሷ አይፎን ነው፤ አክስቷ ከአሜሪካ የላከችላት። ነገ እረፍታችን ነው፤ ሁለቱን ይዘን እንዙርና ራስህ እይ።»

እንዲህ ያለ የስልክ ፈተና የትም አገር ተደርጎ ይሆን? ሁለት ስልክ በሁለት እጄ ይዤ፣ ከተማ እንደሚያስጎበኝ ሰው ሀዋሳን አስጎበኘኋቸው።

በመጀመሪያ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆምን፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አገር ምድሩ የሚተምበት ደብር። በሁለቱም አነሳሁት። ቀን በፀሐይ ልዩነታቸውን ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ከዚያ በሰፊው ጎዳና ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። «ወረድን» ያልኩት ከልማድ ነው እንጂ መውረድ የለም፤ መንገዱ ዝም ብሎ ተዘርግቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አንድ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር ደግሞ ቪዲዮ ቀረጽኩ። የአይፎኑ አልተንቀጠቀጠም! ነጩ ጭራው በአየር ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ሲፈስ ይታያል። የእህቴ ስልክ ላይ ጉሬዛው ጥቁር ጭስ ሆኗል። ልቤ ወደ አይፎኑ ዘመም አለ፣ አልክድም።

ምሳ አሞራ ገደል በላን። የዓሣ ሾርባው ከነእንፋሎቱ መጣ፣ ከዚያ ጥብሱ፣ ከዚያ «ካልቀመስክ ሀዋሳ መጣሁ አትበል» ተብዬ ጥሬው በዳጣ። እኔ የወሎ ሰው ጥሬ ሥጋ አውቃለሁ፤ ጥሬ ዓሣ ግን! ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ፤ ስከፍት እጄ ለሁለተኛው ተዘርግቷል። ሂሳብ ሲመጣ ሌላ ፈተና ነበር። እህቴ በቴሌብር መተግበሪያዋ ከፈለች። ጓደኛዋ በአይፎኗ ያንኑ መተግበሪያ ከፍታ አሳየችኝ፤ አንድ ነው። አጠገባችን የተቀመጡ አባት ደግሞ በባለ ቁልፍ ስልካቸው *127# ደውለው፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው፣ ከሁላችንም ቀድመው ከፍለው ተነሱ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ትዝ ይለኛል፤ ኤምፔሳም ነሐሴ 2015 ላይ መጣ። ገንዘቡ የስልኩን ዘር አይጠይቅም። ደስ አለኝ።

እየበላን ሳለ የጓደኛዋን አክስት በቴሌግራም አገኘናቸው። እሳቸው ባሉበት አገር አይፎን የሌለው ልጅ መልእክቱ በአረንጓዴ ቀለም ስለሚወጣ ከጓደኞቹ ቡድን እንደሚገለል አጫወቱን። የአይፎኖቹ ሰማያዊ ነው አሉ። ሦስታችንም ተያየን። በቀለም የሚለይ መልእክት! እኛ አገር ማን ያውቀዋል? ሁሉም ቴሌግራም ላይ ነው፤ እዚያ ባለ አይፎኑም ባለ ቴክኖውም በአንድ መሶብ ይበላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀልባ ተሳፈርን። ይህን እንዴት ልጻፈው? ሐይቁ መጀመሪያ ብር ነበር፣ ከዚያ ማር ሆነ፣ ከዚያ የጋለ ብረት። የታቦር ተራራ ጥላ እየረዘመ ሄደ። የደሴ ፀሐይ ተራራ ጀርባ ገብታ በድንገት ታመልጣለች፤ የሀዋሳዋ ግን እየተሰናበተች፣ እየዞረች እያየች ነው የምትሄደው። አይፎኑን አነጣጠርኩ። ጥቁር ሆነ። ባትሪው አለቀ!

«አርጅቷል፣ ከምሳ በኋላ አይዘልቅም» አለች ባለቤቱ፣ የለመደ ሐዘን ይዟት። ጀልባ ቀዛፊው ከመቀመጫው ሥር ፓወር ባንክ አወጣ። ገመዱን ግን ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ታይፕ ሲ ነው፤ ለእሷ ስልክ አይሆንም።» እውነቱን ነው፤ አይፎን ወደ ታይፕ ሲ የዞረው በ2023 እ.ኤ.አ.፣ በአይፎን 15 ነው፤ የእሷ ከዚያ ይቀድማል። በጀልባው ላይ የነበርነው ሰዎች ሁሉ ኪሳችንን ፈተሽን። አራት ታይፕ ሲ፣ የአይፎን አንድም የለም። የዚያችን ፀሐይ ፎቶ ያነሳሁት በእህቴ ስልክ ነው። ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ግን አለ።

ማታ ፎቶዎቹን ደሴ ለእናቴ ላክኩ። እናቴ ቀፎዋ አንድሮይድ ነው፤ ሁሉንም ነገር በአማርኛ አድርጌላታለሁ፣ «ቅንብሮች» ብሎ የሚያወራት ስልክ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ለዓመታት በብዙ ስልኮች ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣ እንደነበር የማስታውስ ሰው ነኝና፣ ይህ አሁንም ይደንቀኛል። ወዲያው ደወለች። «ይኼ ወፍ ነው ሽማግሌ? እንዴት ያለ ግርማ አለው!» አለች። ያን ዕለት አሞራ ገደል ተመልሼ ያነሳሁትን አባ ኮዳ ነበር ያየችው። ድምፄ ሲቆራረጥባት «እንዴት ነው የማስተካክለው?» አለችኝ። የት ጋ እንደምትነካ በቃሌ ነገርኳት፤ የእሷና የእህቴ ስልክ አንድ ዓይነት ነውና በእህቴ ላይ እያየሁ።

ያን ጊዜ ነው የቀፎው ጥያቄ መልስ የመጣልኝ። ቀፎ ብቻውን እንጨትና ጭቃ ነው፤ ቀፎ የሚያደርገው የሚገባበትና የሚወጣበት ንብ ነው። የእኔ ንቦች እናቴ፣ እህቴ፣ ሁለቱ ሲሞቼ፣ የጀልባው ሰው ገመድ፣ ደሴ ሸዋ በር ላይ ስክሪን የሚቀይርልኝ ልጅ ናቸው። የእህቴ ጓደኛ ንብ ሌላ ነው፦ በዓመት አንዴ የምትመጣው አክስቷ፣ ያገለገለ ስልክ የምትቀያይራቸው ዘመዶቿ፣ የምትቀርጸው የሠርግ ቪዲዮ። ለእሷ አይፎኑ ልክ ነው። ባትሪውን ብታስቀይረው ደግሞ ገና ብዙ ይሄዳል፤ አፕል ለአሮጌ ስልኮቹ እንኳ ለዓመታት ማሻሻያ ይልካል፣ ርካሽ አንድሮይዶች ግን ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ይረሳሉ።

ከዚህ በላይ ላብራራ አልችልም፤ ባለሙያ አይደለሁም። በማግስቱ ፒያሳ ተመልሼ ቴክኖውን ገዛሁ። ስልኩን እህቴ ስትከፍተው እኔ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር፤ ያ የተለሰነ ሜዳ፣ ሄዶ ሄዶ ሐይቅ የሚሆነው።

እናንተም ቀፎ ልትቀይሩ ከሆነ ይህን አድርጉ፦ ለማን እንደምትደውሉ፣ ማን እንደሚጠግንላችሁ፣ የማን ገመድ እንደምትዋሱ ቁጠሩ። ያገለገለ አይፎን ከመረጣችሁ ደግሞ ከሱቁ ሳትወጡ የቀድሞው ባለቤት አይክላውድ ከስልኩ መውጣቱን አረጋግጡ፤ ካልወጣ የምትገዙት ቀፎ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ሲም ማስገቢያውንም በጣታችሁ ፈልጉ። ሀዋሳ ስትሄዱ ግን ምንም ስልክ ያዙ፣ ማከማቻውን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ። ጋቢም አትያዙ።