ፀሓይና የሌሊቱ ሞገድ፤ ከአቃቂ ለአባቴ የተጻፈ

አቃቂ፤ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ደብረ ማርቆስ።

በላኩልኝ ደብዳቤ፣ በቤታችን ራዲዮ ሌሊት ጥርት ብለው የሚሰሙት የሩቅ አገር ጣቢያዎች ጎሕ ሲቀድ ተራ በተራ የሚጠፉበትን ምክንያት ጠይቀውኝ ነበርና፣ ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና እዚህ በጆሮዬ የሰማሁትን አስተባብሬ በዐቅሜ ልመልስልዎ።

ጥያቄው አቃቂ ላይ መድረሱ የተገባ ነው። ዛሬ ይህ ስፍራ በፋብሪካው ጢስ፣ በከባድ መኪናው ሰልፍና ከወንዙ ማዶ በሚመላለሰው ጋሪ ይታወቅ እንጂ፣ የአገራችን የራዲዮ ድምፅ ከተነሣባቸው ቀዳሚ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የኢጣልያው አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው ጣቢያ የቆመው እዚህ ሲሆን፣ የኢጣልያ ጦርነት በደጅ በቆመበት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ ያሰሙት ቃል በአጭር ሞገድ ውቅያኖስን ተሻግሯል። በዚያ ወራት ፀሓይ በ1926 ዓ.ም. መባቻ ከነበረችበት የጸጥታ ዘመን ወጥታ ወደ 1929ኙ የኃይሏ ጫፍ በመገሥገሥ ላይ ስለ ነበረች፣ ለአጭር ሞገድ የሰማዩ መንገድ እየተቃና ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ይህ ነገር ቢወሳ እወዳለሁ።

አባቴ ሆይ፣ ከራሳችን በላይ ከ60 ኪሎሜትር ከፍታ ጀምሮ፣ ዓይን የማያየው የፀሓይ ጨረር የአየሩን ቅንጣቶች እየመታ ኤሌክትሮኖቻቸውን ስለሚያላቅቅ፣ በዚያ ላይ ለራዲዮ ሞገድ መንገድም ዕንቅፋትም የሚሆኑ ንብርብሮች ተዘርግተው ይኖራሉ፤ ሊቃውንቱም ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብለው ሰይመዋቸዋል። ዝቅተኛው ዲ፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ያለው፣ የእኛን ሞገድ የሚመልስ ሳይሆን የሚመጥ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ገና ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ሞገዱ ያወዛወዘው ኤሌክትሮን ከአየሩ ቅንጣት ጋር እየተጋጨ የተቀበለውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋልና። የሞገዱ ድግግሞሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥፋቱ ይከፋል፤ ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ ምጠቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ አማተሮች፣ ማለት ራዲዮን ለፍቅሩ ሲሉ የሚሠሩ ሰዎች፣ ባለ 160 ሜትር በሚሉት፣ በ1.8 ሜጋኸርዝ ገደማ ባለው ሞገድ፣ በቀትር ከቅርብ ጎረቤት በቀር የሚሰማ የለም። ፀሓይ ስትጠልቅ ግን ዲ ወዲያው ይከስማል፤ ሞገዱም ከልካይ አጥቶ ወደ ላይኞቹ ንብርብሮች ይወጣና ከዚያ ተመልሶ ባሕርና በረሃ ያቋርጣል። ጎሕ ሲቀድ የሚጠፉብዎ ጣቢያዎች እንግዲህ ማሰማታቸውን አላቋረጡም፤ ከላይዎ እንደ ገና የተነሣው ዲ ነው የዋጣቸው።

ዲ ከፀሓይ ጋር እንደሚነሣና እንደሚከስም ግርዶሽም ይመሰክራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ ጨረቃ ፀሓይን ጋርዳ በላሊበላ ሰማይ ላይ የብርሃን ቀለበት ብቻ የቀረበትን ጠዋት ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለው ግርዶሽ ዲ ለጥቂት ጊዜ ስለሚሳሳ፣ ዝቅተኛው ሞገድ በመዓልት ሳለ የሌሊቱን ጠባይ ይይዛል።

እርስዎ ንዑስ ቀመሩን በ19፣ ማዕከላዊውን በ76፣ ዐቢዩን በ532 ዓመት እየቈጠሩ አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጡ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝና፣ ፀሓይም ለራሷ ዙር እንዳላት ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ሽቫበ በፀሓይ ገጽ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ነቁጦች ለብዙ ዓመታት ቈጥሮ፣ በ1843 እ.ኤ.አ.፣ እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ አስታወቀ፤ ዙሩ በአማካይ 11 ዓመት ነው፤ ነገር ግን እንደ ባሕረ ሐሳብ የጸና አይደለም፤ አንዱ 9 ዓመት ሲሆን ሌላው ወደ 14 ይጠጋል። አሁን ያለንበት ዙር በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ ከጫፉ ደርሷል። ነቁጦቹ ሲበዙ ኤፍ ስለሚጠነክር፣ በ21 እና በ28 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት አማተሮች በጥቂት ዋት ዓለምን ይዞራሉ፤ ያው ጨረር ግን ዲን ያደልበዋል፤ የፀሓይን ማዕበልም ያበዛል። ሌላው ሰው የፀሓይን ብርታት ሲጠብቅ የዝቅተኛው ሞገድ ሰው ድካሟን ይጠብቃል፤ እኔም ከወዲሁ የሚመጡትን ጸጥተኛ ዓመታት በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ማዕበሉ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። ከፀሓይ ገጽ የሚፈነዳው የኤክስሬይ ነበልባል በ8 ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ቀን በሆነበት የምድር ወገን ዲን ስለሚያጠነክረው፣ አጭሩ ሞገድ ድንገት ይጠፋል፤ ዝቅተኞቹ ድግግሞሾች ቀድመው ይጠፋሉ፣ ዘግይተውም ይመለሳሉ። (አማተሮች እጅግ ዝቅ ብለው በ136 ኪሎኸርዝ ሲሠሩ ግን ሞገዱ ከራሱ ከዲ ግርጌ ስለሚንጸባረቅ፣ ያው ነበልባል አንዳንዴ ያጐላዋል፤ ይህን ሳነብ በእጅጉ ተደንቄአለሁ።) ሁለተኛው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ተጕዞ የሚደርሰው የፀሓይ ደመና ነው፤ የምድርን መግነጢስ ያናውጣል። በግንቦት 2 እና 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያልታየ ብርቱ ማዕበል ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አጠገብ በሚያልፈው መንገድ ላይ ስለሚበረታ፣ ከእኛ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ሞገድ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከሚሄደው ይልቅ በደኅና ይተርፋል።

አገራችን በዚህ ነገር ልዩ ስፍራ አላት፤ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በላይዋ ያልፋልና። በ105 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ፣ በመዓልት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከአናታችን በላይ አለ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ፀሓይም በተመዘገበው ታሪክ ሁሉ ከፍተኛውን የነቁጥ ብዛት ባሳየችበት ወቅት፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዊን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የመግነጢስ መመልከቻ ሥራውን የጀመረው በዚህ ስፍራ ብርቅነት ነው። የወገቡ መስመር ለአማተሩ ፈተናም አለው፤ በቁም ምሰሶ የተላከ ዝቅተኛ ሞገድ እዚህ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲሄድ ኃይሉን በብዛት ያጣል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ግን ይሻለዋል። እኔም ሽቦዬን ስዘረጋ ይህን አስቤበታለሁ።

ለ160 ሜትር ሞገድ የሚገባው ሽቦ 80 ሜትር ያህል ነው፤ የአከራዬ ግቢ ስለማይበቃው፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ጣራው ጠርዝ አጥፌ ሰቅዬዋለሁ። የአቃቂ ሌሊት ከዲ ይልቅ በሰው ሠራሽ ጩኸት ይፈትናል፤ የፋብሪካው ሞተር፣ የብየዳ ቤቱ፣ የአምፖሉና የከፍተኛ ኃይል መስመሩ ግርርታ ሁሉ በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ ይከማቻል። ባለፈው ዓርብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ፣ በባትሪ በሚሠራው መቀበያዬ ውስጥ ያ ግርርታ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከሥሩም እንደ ክር የቀጠነ የሞርስ ምት ወጣ፤ ለጥቂት ደቂቃ ጐልቶ፣ ደክሞ፣ እንደ ገና ጐልቶ ተሰማኝ፤ የጥሪ ምልክቱንም በወረቀት ላይ አሰፈርሁት። በክረምት ይህ አይሞከርም፤ የመብረቁ ፍንጣቂ ከሩቅም ከቅርብም ስለሚያደነቍር፣ የማዳመጥ ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው።

ለመላክ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በአምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው ግቢ፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚባለው የጥሪ ምልክት የታወቀ የአማተር ራዲዮ ጣቢያ አለ፤ ወጣቶች ሥራውን የሚማሩበት ስለ ሆነ፣ ታናሽ ወንድሜ ለዕረፍት ሲመጣ ወስጄ ላሳየው አስቤአለሁ።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ወንድሜ በየምሽቱ ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ ጠዋትም ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ የቤታችንን ራዲዮ በመካከለኛው ሞገድ ከፍቶ፣ የመጀመሪያው የሩቅ ጣቢያ የተሰማበትንና የመጨረሻው የጠፋበትን ሰዓት ከነቀኑ በደብተር ይጻፍልኝ፤ እኔም እዚህ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ እርስዎም እየተቈጣጠሩ ሳያቋርጥ እንዲጽፍ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ።