አገልግሉን ይዞ የሚመጣ እንግዳ

እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባዶ እጁን መጥቶ ከቤቱ መሶብ ይበላል፤ ሌላው አገልግሉን አንጠልጥሎ ይመጣል። በሊኑክስ ሰፈር የመጀመሪያው ዴብ ነው፤ ሁለተኞቹ ፍላትፓክና ስናፕ።

ዴብ ትንሽ ነው፣ ለካርዳችን ይራራል፤ የሚጎድለውን ከሌሎች ፓኬጆች ይዋሳል። የአክስቴ ልጅ ግን የሚያስተምረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ፕሮግራም የሚደርሰው በፍላሽ፣ መንገድ ሲከፈት፣ በመንገደኛ ኪስ ነበር። ዴብ ስልክለት ይደውልና «እህት ዓለም፣ ይኼ እንግዳሽ ዘመዶቼን ካልጠራችሁ አልገባም አለ» ይለኛል።

ፍላትፓክ «ክሪኤት ዩኤስቢ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ፕሮግራሙን ከነስንቁ ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ስንቁ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ፍላሽ በሜጋባይት ብር አይቆጥርም!

ደኅንነቱስ? ዴብ ሲጫን በአባወራው ሥልጣን ቤቱን ሁሉ ይዞራል። ፍላትፓክ በተሰጠው ክፍል ይቀመጣል ይባላል፤ ሆኖም የጓዳውንም ቁልፍ ጠይቀው የሚገቡ ብዙ ናቸው። (ፈቃዱን ሳታነቡ አትጫኑ።)

ያናደደኝ ኡቡንቱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2022ቱ 22.04 ወዲህ ከራሱ ማከማቻ የሚወርደው የፋየርፎክስ ዴብ ባዶ ነው፤ ሥራው ስናፑን ከካኖኒካል መደብር መጥራት ብቻ። መሐል ሜዳ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ማንን ይጠራል? ደግነቱ ሞዚላ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ የተረጋጋውን ፋየርፎክስ በራሱ ማከማቻ በእውነተኛ ዴብ ያወጣል። ለአክስቴ ልጅ የምልክለት እሱን ነው።