የጠዋቱ ትኬት እዚህ አይሠራም?

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከሺንሺቾ የተነሳው ቅጥቅጥ አይሱዙ አዲስ አበባ ሲገባ ልጆቹ ግማሾቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፣ ግማሾቹ ደግሞ መስኮት ላይ ተለጥፈዋል። 43 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ከሆሳዕና ወዲህ አልፎ የሚያውቅ እጁን ያውጣ ስንል ስድስት እጅ ብቻ ወጣ። እኛ አምስት የከተማዋ ልጆች ነን፣ አዲስ አበባ ሥራ ይዘን ወይም ሥራ እየፈለግን የምንኖር። ተቀብላችሁ አስጎብኙልን ተባልን። መምህራኑ ያመኑን ሸገርን እናውቃለን ብለን በየመስቀሉ አገር ቤት እየሄድን ስለምናወራ ነው። ወሬ ዋጋ ያስከፍላል።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ጠዋት አንድ ፓርክ፣ ከሰዓት ሌላ ፓርክ፣ ማታ ወደ አገር ቤት። አልጋ የሚባል ነገር በጀቱ ውስጥ የለም። ገንዘቡ ከየቤቱ የተዋጣ ነው። አንዱ ቤት ከቡና ሽያጭ ላይ ተቆንጥሯል፣ ሌላው ቤት ዝንጅብል ተሸጧል፣ ሌላው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያለ ታላቅ ወንድም "ለትንሹ ይሁን" ብሎ ልኳል። መምህሩ ብሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ በየአሥር ደቂቃው ይነካው ነበር።

ጠዋቱ ጥሩ አለፈ። አንድነት ፓርክ ገባን። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተከፈተው፣ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ልጆቹ የዙፋኑን አዳራሽ በዝምታ አዩት፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ሲያዩ ግን ዝምታው አበቃ። አንዲት ልጅ "ይኼ ብር ላይ ያለው ነው?" አለች። ከአንበሳው ፊት 40 ደቂቃ ቆምን።

ከሰዓት ላይ ሁለተኛው በር ደረስን። የትኛው እንደሆነ አንናገርም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የበሩ ሳይሆን የእኛ ነው። ዋጋውን ቀድመን ማጣራት ነበረብን፣ አላጣራንም። መምህሩ ላስቲኩን ፈታ፣ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። ወይ ሁለተኛው ፓርክ፣ ወይ ምሳ። እኛ አምስታችን ኪሳችንን አራገፍን፣ ያም አልሞላም። በመጨረሻ ለልጆቹ ድምፅ እንዲሰጡ ተነገራቸው (ዴሞክራሲ መቼም የሚጀመረው በጀት ሲያልቅ ነው)። ምሳ በ27 ለ16 አሸነፈ።

ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ታዲያ፣ ከሁሉም የሚያንስ ልጅ ነው፣ የጠዋቱን ትኬት ቁራጭ ከደብተሩ መሀል አወጣና መምህሩን ጠየቀው፣ "ቲቸር፣ የጠዋቱ እዚህ አይሠራም?"

ሳቅን። ጥበቃውም ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ መልስ እየጠበቀ ነበር።

እንግዲህ ይኼን ጽሑፍ የወለደው እሱ ጥያቄ ነው። ምሳ እየበላን ከመካከላችን አንዷ "ቆይ፣ ለምን አይሠራም ግን?" አለች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ምክንያቱም የልጁ ጥያቄ የሚያስቅ አይደለም፣ በዚህችው አገር የሚሠራበት ቦታ አለ። ጎንደር የፋሲል ግንብን ለማየት ትኬት የቆረጠ ሰው፣ ትኬቱን ካልጣለው፣ ከግቢው ራቅ ብሎ የሚገኘውን የፋሲል መዋኛ በዚያው ትኬት ማየቱ ለብዙ ዓመታት የኖረ አሠራር ነው። ላሊበላ የሚሄድ የውጭ አገር ቱሪስትም አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ትኬት ነው የሚያያቸው። ቤተ ማርያም በር ላይ ከፍሎ፣ ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ እንደገና አይከፍልም። ጣና ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ ገዳም ለየራሱ ነው የሚያስከፍለው፣ የጀልባው ለብቻ ነው። (ክብራን ገብርኤል ለእኛ ለሴቶቹ ወጪ ቆጣቢ ነው፣ መጀመሪያውኑ አያስገባንም።)

በሰው አገርም የተለየ አይደለም። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች አሉት፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1971፣ የመጨረሻው በ1998 የተከፈቱ። ተራው ትኬት በቀን አንድ ፓርክ ብቻ ነው የሚያስገባው። በአንድ ቀን ከአንዱ ወደ አንዱ ልዝለል ያለ ሰው "ፓርክ ሆፐር" የሚባል ጭማሪ ይከፍላል። ከኮሮና በኋላ፣ በ2021፣ ጭማሪውን ከፍሎም ቢሆን መዝለል የሚቻለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው ተባለ። ሰዉ ለሦስት ዓመት ሲያጉረመርም ቆይቶ በጃንዋሪ 2024 ነው የሰዓት ገደቡ የተነሳው።

ከአምስታችን አካውንቲንግ የተማረው ጓደኛችን የዲዝኒ ጠበቃ ነው። "ሁለት ቦታ የረገጠ ሰው ሁለት ቦታ አስጠርጓል፣ ሁለት ቦታ ሣር ረግጧል፣ ለምን አይከፍልም?" ይላል። ደግሞም ይጨምራል፣ "ሰው ሆዱ አንድ ነው፣ ሁለት ፓርክ ሲገባ ሁለት ምሳ አይበላም። ካፌው የሚኖረው ቀኑን ሙሉ በሚቀመጥ ሰው ነው።" ጣናም ላይ እያንዳንዱ ገዳም የራሱን መነኮሳት ነው የሚያኖረው፣ የአንዱን ደሴት ገቢ ለሌላው የሚያካፍል አካል የለም፣ የጋራ ትኬት የሚሠራው ካዝናው አንድ ሲሆን ነው ይላል። ይኼን የመጨረሻውን እንቀበለዋለን። የፋሲል ግንብና መዋኛው የሚያምርባቸው የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ነው።

የዲዝኒውን ግን አንቀበለውም። እዚያ አገር ጭማሪ የሚከፍለው የቸኮለ ሰው ነው። ያልቸኮለው አራት ቀን ቆይቶ፣ በቀን አንድ አንድ፣ አራቱንም ያያል፣ ጭማሪ የለበትም። መቸኮል እዚያ ቅንጦት ነው። እኛ ጋ የቸኮለው ማን ነው? ቦሌ የሚኖር ልጅ አይደለም። እሱ ዛሬ አንድነት ፓርክ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ወዳጅነት ፓርክ፣ ሲሰለቸው ደግሞ እንጦጦ ይወጣል። ዚፕላይኑንም ፈረሱንም ደሞዝ ሲወጣ ይደርስበታል። በአንድ ቀን ሁለት በር ማንኳኳት ያለበት፣ የአልጋ ብር የሌለው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አይሱዙው ጥሎት እንዳይሄድ የሚሰጋው የሺንሺቾ ልጅ ነው። ሁለተኛው በር ላይ ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅ የተከፈለው ለፓርኩ ብቻ አይደለም፣ ለርቀቱም ነው። ርቀቱን ደግሞ አንዴ ለሾፌሩ ከፍሏል።

ታዲያ ነፃ ይሁን አላልንም። (አንዷ ብላለች፣ ተማሪ ምንም መክፈል የለበትም ባይ ናት፣ ከእሷ ጋር ሌላ ጊዜ እንጣላለን።) የብዙዎቻችን ሐሳብ ይኼ ነው፤ የዚያኑ ዕለት የሌላ ፓርክ ትኬት ይዞ የመጣ ሰው ሁለተኛውን በግማሽ ይግባ። አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱንም መንግሥት ነው ያሠራቸው፣ ካዝናቸውን ማስታረቅ የጣናን ገዳማት የማስታረቅ ያህል አይከብድም። አጭበርባሪ ይበዛል ለሚለን ደግሞ፣ የአገር ውስጥና የውጭ ጎብኚ ብሎ ዋጋ መለየት ያወቀ መስኮት የጠዋት ትኬት ቁራጭ ማየት አያቅተውም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ጨርሰን ነበር። ችግሩ መስቀል መጣና አገር ቤት ገባን።

ከአዲስ አበባ ሦስት እንግዶች ይዘን ነው የሄድነው፣ ያላቸው አንድ ቀን ነው። ጠዋት ዱራሜ ሄደን ሀምበሪቾን ልናስወጣቸው፣ ያንን 777 ደረጃ፣ ከዚያ በሀደሮ በኩል ወርደን አጆራ ፏፏቴን ልናሳያቸው አሰብን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቦታ። የአንዳችን ታናሽ ወንድም ከጓደኞቹ ጋር እንግዳ የማስጎብኘት ሥራ ሊጀምር እያሰበ ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ አድርግልና አልነው፣ የአዲስ አበባውን ክርክር ሁሉ ዘረገፍንለት።

እጁን አጣጥፎ ሰማንና፣ "እናንተ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ቅናሽ፣ እኛ አዲስ አበባ ስንሄድም ቅናሽ። እኛ መቼ ነው የምናገኘው?" አለን።

መልስ አልነበረንም። አካውንታንቱ ብቻ በደስታ ሊሞት ነበር።

ልጁ ደግሞ ያልነገረን ሌላ ጉዳይ አለ። አጆራ ላይ ውኃው የሚወርደው ከሁለት ወንዞች ነው፣ ከአጃጮና ከሶኬ፤ ቦታው ደግሞ የከምባታና የወላይታ አዋሳኝ ነው። በነሐሴ 2015 የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲከፈል ከምባታ ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ወላይታ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሄደ። ከሀምበሪቾ እስከ አጆራ የሚሠራ አንድ ትኬት እናትም ካልን እንግዲህ የሁለት ክልል ካዝና ልናስታርቅ ነው። ለአዲስ አበባ በአንድ አንቀጽ የጨረስነው ነገር ሰፈራችን ላይ እንዲህ ሆነ።

እንግዶቹ ሀምበሪቾን ወጡ። ደረጃው መሀል ላይ ሦስቱም ተቀመጡ፣ አንዱ ጫማውን አወለቀ። አጆራን በዚያ ቀን ማየት አልቻሉም፣ በብር ሳይሆን በጉልበት ምክንያት። ታናሽ ወንድሙ የሀምበሪቾውን ብቻ ተቀበለና፣ "የአጆራው ለከርሞ" አለ።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ ደወለ። ዘንድሮ የተመዘገቡት 51 ናቸው። ዋጋውን አሁኑኑ አጣሩልኝ፣ የሁለቱንም፣ አለ። አንዱን ብቻ ብታደርጉት ይሻላል አልነው። ዝም አለ፣ ከዚያ፣ "ያ ትኬቱን የያዘው ልጅ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ነው፣ ጉዞው ለእሱ ክፍል አይደለም። ግን ተመዝግቧል" አለን።