ሰማያዊው መብራት

ዓይን ይታለላል። ሰማያዊ መብራት የበራበት አኳሪየም ለሰው ደብዘዝ ይላል፤ ኮራሉ ግን ያው ብርሃን ሲበዛበት ሊጎዳ ይችላል።

የኮራሉን ምግብ በአብዛኛው የሚያዘጋጁለት ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ናቸው፤ ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ይስማማቸዋል። (የሰማያዊው ኤልኢዲ ፈልሳፊዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቤል ሲሸለሙ ዓሣ አርቢዎችም ማጨብጨብ ነበረባቸው።)

በ40 ሊትር ገንዳ ለስላሳና ድንጋያማ ኮራል ሲደባለቅ ዋት ቆጥሮ መብራት መግዛት ብዙ አይረዳም። ድንጋያማው አክሮፖራ ከላይ መብራቱ ሥር፣ እንጉዳይ መሳዩ ኮራል ከታች ጥላው ውስጥ። ብርሃኑ የማይቀነስ መብራት፣ ርካሽም ቢሆን፣ ይቅር።

አንድ ጀማሪ አዲሱን መብራት በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከፈተው። በሳምንቱ ቡናማው ኮራል አጥንት መስሎ ነጣ፤ አልጌዎቹ ጥለውት ወጥተዋል። አሁን ከ30 በመቶ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል።