ለስደተኛው ንጉሥ የመጣ ቆሎ

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ሳሙኤል 17፥27–29



መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብ ቶሎ ቶሎ የምናልፋቸው ክፍሎች አሉ፤ የትውልድ ሐረግ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የእህል ዓይነት። ዛሬ እንድንቆምበት የምፈልገው ከእነዚህ አንዱ ነው። ዳዊት የገዛ ልጁ አቤሴሎም ተነሥቶበት ከኢየሩሳሌም በባዶ እግሩ እያለቀሰ ወጣ፤ ዮርዳኖስን ተሻግሮ መሃናይም ደረሰ። እዚያም ሦስት ሰዎች ዕቃ ጭነው መጡ። የያዙት ምን ነበር? ምንጣፍ፣ ዳካ፣ የሸክላ ዕቃ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ፣ በጎች። በመካከሉም የተቆላ እህል አለ። በእኛ ቋንቋ ቆሎ ማለት ነው።

ንጉሥ ቆሎ ተቀበለ። ይህን ሳነብ ቆሎ በቅዱሳት መጻሕፍት ሌላ የት አለ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትም ደስ አሰኘኝ። ቦዔዝ ባዕድ አገር ለመጣችው ለሩት በአጫጆቹ መካከል የተቆላ እህል ሰጣት፤ በልታ ጠግባ አተረፈች፣ የተረፈውንም ለአማቷ ለኑኃሚን ይዛ ሄደች (ሩት 2፥14፣ 18)። እሴይ በዔላ ሸለቆ ለዘመቱት ልጆቹ በታናሹ በዳዊት እጅ የላከው አንድ የኢፍ መስፈሪያ የተቆላ እህል ነበር፤ ኢፍ በዛሬ ልክ 22 ሊትር ያህል እንደሆነ ይገመታል (1ኛ ሳሙኤል 17፥17)። ያ ልጅ ጎልያድ ፊት ከመቆሙ በፊት ቆሎ ተሸካሚ ነበር። አቢግያ ለተቆጣው ዳዊትና ለሰዎቹ ይዛ ከወጣችው ስንቅ ውስጥ አምስት መስፈሪያ ቆሎ ነበረበት (1ኛ ሳሙኤል 25፥18)። እስራኤልም ከነዓን ገብተው ፋሲካን ካከበሩ በኋላ የምድሪቱን ቂጣና ቆሎ በሉ፤ በማግሥቱም መና ቀረ (ኢያሱ 5፥11–12)።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ቆሎ የሚበላው ሁሉ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው። ስደተኛዋ መበለት፣ ዘማቹ፣ ከሳኦል ሸሽቶ በምድረ በዳ የሚንከራተተው፣ አዲስ አገር የገባው ሕዝብ፣ ከቤቱ የወጣው ንጉሥ። ቆሎ በአንድ ቦታና በሌላ ቦታ መካከል ያለ ሰው ምግብ ነው። በአገራችንም የአብነት ትምህርት ፍለጋ ከቤቱ ርቆ የሚሄደው ልጅ «የቆሎ ተማሪ» ነው የሚባለው።

ይህ ነገር ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ሰፈራችን የመጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። ከቤት ስሙን ያገኘ ሰፈር ነው እንግዲህ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሰፈሩ ብዙ ክፍል ሲነሣ፣ በአንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች ተበተኑ። ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ፣ ሌሎችም ወደየዕጣቸው። እኔ ከቂርቆስ አልወጣሁም፤ ነገር ግን ሐሙስ ሐሙስ አብረን የምንጸልይ፣ ቡና የምንጠራራ ሰዎች ከአጠገቤ ሄዱ።

ከሄዱት መካከል ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው እናት አሉ። የእርሳቸው ቤት በቆሎ ይታወቅ ነበር። ቆሎ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ እርሳቸው ሲሠሩት ያየ ግን እንደዚያ አይልም። ገብሱ ሰነፍ ገብስ መሆን አለበት፣ ገለባው በቀላሉ የሚለቅ። ከተለቀመ በኋላ ውሃ ይርከፈከፍበትና በሙቀጫ ይፈተጋል፤ በሰፌድ ይነፋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ምጣዱ በደንብ ሲግል ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ እጅ ሳያርፍ እየተማሰለ ይቆላል። መንጣጣት ሲጀምርና ሲፈካ ይወጣል። ሽምብራው ለብቻው ነው፦ አስቀድሞ ይነከራል፣ ይጠነፈፋል፣ ከዚያ ይቆላል፤ አለበለዚያ ጥርስ ይሰብራል። ለውዙ በቀዝቃዛ እሳት ቀስ ተብሎ ይቆላና ቆዳው በእጅ ታሽቶ ይነፋል። ሱፉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቶሎ ያራል። አንድ ላይ የሚደባለቁት ሁሉም በየራሳቸው ከበሰሉ በኋላ ነው። «የሁሉም እሳት አንድ አይደለም» ይሉ ነበር እማማ።

ደግሞ ቆሎ ማንንም አያገልም። ቅቤ ካልገባበት ጾመኛው ይበላዋል፣ የማይጾመውም ይበላዋል። በእማማ ቤት የወንጌል አማኙ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ጎረቤት ከአንድ ሰፌድ ይዘግኑ ነበር። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ሦስት ገበታ ያስፈልግ ነበር።

ከሄዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደውዬ ከሰላምታው ቀጥዬ «እማማ፣ ቆሎ ይቆላሉ ወይ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ለማን ብዬ ልጄ?» አሉኝ። ቤቱ እንዴት ነው ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ጤናዎስ ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሁለቱም መልስ እውነት ነበር። ልባቸው ያለው ግን በመጀመሪያው መልስ ውስጥ ነበር።

ይህን ለኅብረታችን እህቶች ነገርኳቸው። አንዷ ሮም ስለምትኖር እህቷ አጫወተችን። እዚያ ብርድ ሲመጣ ካስታኛ የሚባል፣ ጠንካራ ቡናማ ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ መንገድ ዳር ይጠበሳል። እሳት ላይ ከመደረጉ በፊት ግን ቅርፊቱ በቢላ ጫፍ ይሰነጠቃል። ካልተሰነጠቀ ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ያጣና ፍሬው ይፈነዳል። ይህን ስሰማ ስለ እማማ አሰብኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ቃል መልካም ቅርፊት ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ቀስ ብሎ ካልከፈተው፣ በውስጡ ያለው ኀዘን መውጫ አያገኝም። መዝሙረኛው ዳዊት ራሱ እያመሰገነም ያለቅስ ነበር፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ሰማው።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን አምስት ኪሎ የተፈተገ ገብስ፣ ሽምብራና ለውዝ ይዘን ሄድን። «እናስተምርዎ» አላልንም፤ «ያስተምሩን» አልን። እማማ መጀመሪያ በምድጃው አመካኙ፣ የኤሌክትሪኩ እሳት አይመችም አሉ። ቀጥሎ እኛ ስናማስል አይተው መታገሥ አቃታቸው፤ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቁኝ። ሽታው ወጥቶ ደረጃውን ሲሞላ በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ወጣት ልጅ ታቅፋ ቆማ «ቆሎ ነው እንዴ? እናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለች። እማማ «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ቡናውም እየፈላ ነው» አሏት። ለካ ለወራት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ስም ለስም አይተዋወቁም ነበር። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ እማማ ስለ ድሮው ግቢ ማውራት ጀመሩ፤ ሲያወሩም አለቀሱ። ማናችንም አላቋረጥናቸውም። ልጅቷ ደግሞ እርሷም ከየት እንደመጣች ነገረችን። ያን ቀን ጸሎታችን አጭር ነበር።

ወደ መሃናይም እንመለስ። እነዚያ ሦስት ሰዎች እነማን ነበሩ? ሾቢ አሞናዊ ነው፣ ከሕዝቡ ወገን እንኳ አልነበረም። ማኪር ደግሞ ሽባውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን በቤቱ አስጠግቶ የነበረ ሰው ነው (2ኛ ሳሙኤል 9፥4–5)፤ ቤቱን ለተገፋ ሰው መክፈት የቆየ ልማዱ ነበር። ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው (2ኛ ሳሙኤል 19፥32)። ከሦስቱ አንዱም «ይህ ለምን ደረሰብህ?» ብሎ ሲጠይቅ አናነብም። ስለ ዳዊት ኃጢአት የሚሉት ብዙ ነገር ሊኖራቸው ይችል ነበር። እነርሱ ግን ሕዝቡ በምድረ በዳ ተርቦአል፣ ደክሞአል፣ ተጠምቶአል ብለው አሰቡ፤ በዝርዝሩም መጀመሪያ የሚተኛበትን፣ ቀጥሎ ዕቃውን፣ ከዚያ የሚበላውን አመጡ።

እኛ አማኞች ለተፈናቀለ ልብ ጥቅስ ለመስጠት እንቸኩላለን። ጥቅሱ መልካም ነው፤ ግን የሁሉም እሳት አንድ አይደለም። ለአንዱ ቃል፣ ለአንዱ ዝምታ፣ ለአንዱ ምንጣፍ ይቀድማል። ምሳሌ 27፥10 በሩቅ ካለ ወንድም የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል ይናገራል፤ አባቶቻችንም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። እንግዲህ ጎረቤቱ ሩቅ ሲሄድ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር ይመስለኛል። የቀረነው ተነሥተን እንሂድ፤ ቤርዜሊ በሰማንያ ዓመቱ ከሄደ እኛ ታክሲ ይዘን መሄድ አያቅተንም። የሄዳችሁት ደግሞ በአዲሱ ደጃፍ ምጣዳችሁን ጣዱ። ኤርምያስ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ ጽፎላቸዋል (ኤርምያስ 29፥5–7)። «ለማን ብዬ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምናልባት አንድ ፎቅ ከላያችሁ ይኖር ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ከአጠገባችሁ የሄደ አንድ ሰው አስቡ። ስልክ ደውሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካላችሁ በኋላም ትንሽ ቆዩ። ከተቻለ ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ አንተ ራስህ ራስህን የምታስጠጋበት ሳይኖርህ በምድራችን ተመላለስህ። ከቤታቸው የወጡትን ታውቃቸዋለህ። ለእነርሱ መሃናይምን አዘጋጅ፤ እኛንም ምንጣፍና ቆሎ ይዘው እንደመጡት አድርገን። በአዲሱ ሰፈር የሚንኳኳ በር፣ የሚከፍትም እጅ ስጥ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።