ጉርድ ፎቶ በሎስ አንጀለስ

ዛሬ ስለ ነዳጅ ዋጋ አላወራም፣ እፎይ በሉ። ዛሬ ስለ ሄድሾት ነው። ተዋናይ ሥራ ሲያመለክት የሚልከው፣ ከደረት በላይ የተነሳው ፎቶ ማለት ነው። ባገራችን ጉርድ ፎቶ በሉት። ልዩነቱ ጉርድ ፎቶ ላይ ማንም ራሱን አይመስልም፤ እዚህ ግን ራስህን ካልመሰልክ ሥራ የለም።

ይህች ከተማ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ተዋናይ ሳያሳፍር አይውልም፤ ጆሮዬም ብዙ ለቃቅሟል። አሁን ነገሩ ቤታችን ገባ። የ19 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ተዋናይ እሆናለሁ ብላ ተነስታለች። እናቷ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት።

አንዱ ሰውዬ ገበያ ማዕከል ውስጥ አግኝቷት «ፊትሽ ልዩ ነው፣ እናስፈርምሻለን፤ መጀመሪያ ግን በእኛ ፎቶ አንሺ 1,500 ዶላር ከፍለሽ ተነሺ» አላት። እህቴ ገንዘቡን ከባንክ ልታወጣ ነበር! እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ ሥራ አገናኝሻለሁ፣ ወኪልሽ እሆናለሁ ብሎ ቀድሞ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ትክክለኛ ኤጀንት የሚያገኘው ልጅቷ ሠርታ ስትከፈል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አሥር። ይህን ስነግራት እህቴ «ቢሮ አላቸው እኮ፣ ምንጣፍ ሁሉ አለው» አለችኝ። ምንጣፍ!

ፎቶ አንሺውን ራሳችን ፈለግን። መጀመሪያ የሚታየው ዋጋው ሳይሆን ከዚህ በፊት ያነሳቸው ሰዎች ናቸው። የእኛን የመሰለ ቆዳ ማንሳት ያውቃል ወይ? አንዳንዱ ጠይም ሰው ሲያነሳ ወይ ጨለማ ውስጥ ይከተዋል፣ ወይ ዱቄት የተነፋበት ያስመስለዋል።

ልብሱ ጽሑፍ የሌለበት፣ አንድ ወጥ ቀለም፣ በደንብ የተተኮሰ ይሁን። እህቴ የሀበሻ ቀሚስ ካልለበሰች ብላ ሞገተችን፤ ነጭ ብርሃኑን ይስባል፣ ጥለቱም ዓይን ይሰርቃል፣ ለሠርግ ይቆይ ተባለ። ፀጉሯ ለኦዲሽን በምትሄድበት መልክ ይሁን፤ ፎቶው ላይ ሹሩባ ሆና በአካል አፍሮ ይዛ ከመጣች መራጮቹ የጠሩት ሌላ ሰው ነው። ግንባሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳም እንዳያጠፋት ለፎቶ አንሺው ነግረነዋል።

ሁለት ዓይነት ትነሳለች፤ ለማስታወቂያ ሥራ ፈገግ ያለ፣ ለድራማና ለፊልም ኮስተር ያለ። ኮስተሩ ለሀበሻ ምን ችግር አለበት? ፎቶ ቤት «እንዳትንቀሳቀስ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ያስቸገረን ፈገግታው ነው። መስታወት ፊት ጥርስ ማሳየት ብቻውን አይጠቅምም፤ ዓይን ውስጥ ሐሳብ ከሌለ ጥርሱ ለብቻው ይቀራል። አንዲት ተሳፋሪዬ «ሌንሱን የምትወደው ሰው አድርገው፣ በሆድህ አንድ ነገር ንገረው» ብላኝ ነበር። ለልጅቷ ነገርኳት። ማንን እንደመረጠች አልነገረችኝም፤ ግን አገር ቤት ያለችውን አያቷን ይመስለኛል፣ ስትለማመድ ፊቷ ወዲያው ፈታ አለ።

ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የታተመ ከተፈለገ መጠኑ 8 በ10 ኢንች ነው፣ ጀርባው ላይ የሥራ ልምድ ወረቀት ይያያዛል፤ አሁን ግን አብዛኛው በኢንተርኔት ነው የሚላከው። የእናንተንም ልጅ እንዲህ ያለ «ፊትሽ ልዩ ነው» ባይ ካገኛት፣ ከመክፈላችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስከ እሁድ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፣ ተሳፋሪ ሳወርድ እመልሳለሁ።